የሩቅ ማኅበርና የቅርብ ደጃፍ

ሰዎች ተባብረው አንድ ሥራ ሲሠሩ ጎን ለጎን መቆማቸው ግድ ነውን? ወይስ አሳባቸውና ድምፃቸው ከተገናኘ፣ አካላቸው በየስፍራው ቢቀርም ማኅበራቸው ሙሉ ማኅበር ነው? ይህ ጥያቄ ቀድሞ ከሩቅ በደብዳቤ ለሚጻጻፉ ሊቃውንት ብቻ የሚነሣ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን አካል ጉዳተኞች የሆኑ ተዋንያን በየቤታቸው ተቀምጠው፣ በበይነ መረብ እየተነጋገሩ አንድ ፊልም አብረው መሥራት ስለሚችሉ ጥያቄው ወደ ከተማና ወደ መንደር ወርዷል። ስለዚህ የነገሩን ጥቅምና አደጋ ለይቶ መመልከት ይገባል።

አስቀድሞ ይህ ሥራ ስለ ምን እንዳስፈለገ ማወቅ ያሻል። ሲኒማ ከተፈጠረ ጀምሮ ማየት፣ መስማትና መራመድ የተሳናቸውን ሰዎች በመጋረጃው ላይ ማሳየት አልተወም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው የሚያየውን ሰው እንደ ዐይነ ስውር እያስዳበሰ፣ የሚራመደውንም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ እያስቀመጠ ነው። ኑሮውን የኖረው ከውጭ ይቀራል፤ ኑሮውን ለጊዜው የተዋሰው ግን ይመሰገንበታል። ከዚህ ልማድ የወጡት ጥቂቶች ናቸው። ወታደሮችን ሲያሠለጥን ሁለት እጆቹን በፈንጂ ያጣው አሜሪካዊ ሃሮልድ ራስል በ1946 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በወጣ ፊልም ውስጥ፣ እጆቹን አጥቶ ከጦርነት የተመለሰ መርከበኛ ሆኖ ተጫወተ፤ በሚከተለውም ዓመት ስለዚያው አንድ ሥራ ሁለት የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። መስማት ከተሳናቸው ተዋንያን ይህን ሽልማት በመጀመሪያ ያገኘችው ማርሊ ማትሊን በ1987፣ ሁለተኛው ትሮይ ኮትሰር ደግሞ በ2022 ነበር። በእነዚህ ሰዎች መካከል ያለው የዘመን ርዝመት ብቻውን ደጁ ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በኢትዮጵያም፣ አዱኛ የተባለው የአዲስ አበባ የዳንስ ጓድ በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከእንግሊዛዊው መምህር ከአዳም ቤንጃሚን ጋር ሆኖ፣ አካል ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ወጣቶች በአንድ መድረክ አሰልፎ ነበር።

በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሰውን ሁሉ በቤቱ በዘጋ ጊዜ፣ ‹ሆስት› የተባለው የእንግሊዝ ፊልም እንዲህ ተሠራ፦ ተዋንያኑ በየቤታቸው ካሜራቸውን ራሳቸው አቆሙ፤ አዘጋጁም ከሩቅ በቪዲዮ እየተመለከተ መራቸው። ለእነዚያ ተዋንያን መዘጋቱ የጥቂት ወራት ነገር ነበር። ደረጃና ዳገት፣ መጓጓዣ ማጣትም የዘጋበት ሰው ግን ከወረርሽኙ በፊትም ሆነ በኋላ ያው በቤቱ ነው።

ለምሳሌ ያህል እግሮቿ የማይታዘዙላት አንዲት ተዋናይ በቦንጋ ትኖራለች እንበል። ቦንጋ በከፋ ኮረብቶች ላይ የተቀመጠች፣ ደን የከበባት፣ ዝናም የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባም በጅማ በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ለዚህች ሴት በክረምት ጭቃ ከቤቷ እስከ አደባባይ መውረድ ራሱ ትልቅ ጉዞ ነው። በስልኳ ግን በአዲስ አበባ ካለው ዐይነ ስውርና በባሕር ዳር ካለው መስማት ከተሳነው ባልንጀራዋ ጋር በአንድ ሰዓት ትገናኛለች። ሥራውም የራሱ ሥርዓት አለው። ለዐይነ ስውሩ ጽሑፉ በድምፅ ይነበብለታል። ሌላው በምልክት ቋንቋ ሲናገር ካሜራው ፊቱን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን እጆቹን መያዝ አለበት። እርሷ ወደ ቀኝ ስትመለከት እርሱ ወደ ግራ ካልተመለከተ፣ የሁለቱም ቤት ብርሃን ካልተስማማ፣ ተመልካች ፊት ለፊት እንደ ተነጋገሩ አያምንም። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትዎርክ ሲቋረጥ ደግሞ ሁሉም ስለ አንዱ ይጠብቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ የባልንጀራውን ጉድለት ብቻ ሳይሆን ችሎታውንም ጠንቅቆ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ማኅበር ውስጥ መጽዋችና ተመጽዋች የለም፤ ሁሉም ባለ ሥራ ነው። ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› የተባለው እዚህ ላይ ይፈጸማል።

ነገር ግን ይኸው አገር ደግሞ ‹ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት› ይላል። ሥራው ከሩቅ መሠራቱን ያየ የከተማ ሰው፣ ‹እነርሱ በቤታቸው ሆነው ይሠሩ የለምን? ስለ አዳራሹ ደረጃና ስለ መንገዱ መጨነቅ ምን ያደርጋል?› ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ ለነጻነት የተዘረጋው መረብ መልሶ የመለያያ አጥር ይሆናል። ሕዝቡ በአዳራሽ ተቀምጦ ፊልሙን አይቶ ያጨበጭባል፤ ተዋናይቱ ግን የዚያኑ አዳራሽ ደረጃ መውጣት ተስኗት ጭብጨባውን በወሬ ትሰማለች።

የሰውን ድካም ተቀብሎ ሰውየውን ከውጭ ማስቀረት በከፋ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነገር ነው። እስከ 1897 ድረስ በቆየው በቀድሞው የከፋ መንግሥት፣ ማንጆ የተባሉት አዳኞች የአገሪቱን ኬላዎች ይጠብቁ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለገበያው ማገዶና ከሰል ሲያቀርቡ ኖሩ። ሆኖም የመንግሥቱን በር የጠበቀው ሰው የጎረቤቱን ቤት ደፍ እንዲያልፍ ልማድ አልፈቀደለትም፤ ምግብ ቢሰጠውም በውጭ፣ በቅጠል ላይ ነበር። ይህ ልማድ እየተነቀፈ ቢመጣም ፈጽሞ አልጠፋም። የማንጆ ነገርና የአካል ጉዳት ነገር በምክንያታቸው አይገናኙም፤ ትምህርታቸው ግን አንድ ነው። የሰው ድካም ወደ ቤት ገብቶ ሠሪው በደጅ ከቀረ፣ ቤቱ የተቀበለው ዕቃውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ አካል ጉዳተኛ ራሱ ከሩቅ መሥራትን ይመርጣል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ምርጫውም ሊከበርለት ይገባል። ነገር ግን ምርጫ የሚባለው ደጃፉ ተከፍቶ ሳለ በቤት መቅረት ነው፤ ደጃፉ በተዘጋበት ሰው ላይ መቅረቱን ምርጫ ብሎ መጥራት የዘጋውን ሰው ነጻ ለማውጣት የሚነገር ቃል ነው።

በማርቆስ ወንጌል በ2ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ በቅፍርናሆም አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው በመጡ ጊዜ ሕዝቡ ደጁን ሞልቶት ስለ ነበር ጣራውን ነድለው አወረዱት። የአራቱ ሰዎች ብልሃትና ፍቅር ሁልጊዜ ይመሰገናል። ስለ ደጁ የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ፈቀቅ ብሎ ያሳለፋቸው አልተገኘም። በይነ መረብም እንደዚያ ጣራ ነው። በእርሱ የሚገባው ሰውና የሚያስገቡት ባልንጀሮቹ ሊመሰገኑ ይገባል፤ በደጁ የቆመው ሕዝብ ግን በእነርሱ ምስጋና ዕዳውን አይከፍልም።

ይህም ዕዳ በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚታሰብ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አካል ጉዳተኞች የጥበብ ችሎታቸውን ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡንም ለማበልጸግ እንዲያውሉት መንገድ ይከፈትላቸው ይላል። በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር።

እንግዲህ በቦንጋም ሆነ በሌላው ከተማ አዳራሽ ያለው፣ ጉባኤ የሚጠራ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ከሩቅ የሚሠራውን ማኅበር በመረብና በመብራት ሊረዳው፣ ፊልሙም በተፈጸመ ጊዜ ሠሪዎቹ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው የሚያዩበትን ስፍራ አስቀድሞ ሊያዘጋጅ ይገባዋል። ዝግጅቱም ከደረጃው አጠገብ ተዳፋት መግቢያ ከመሥራትና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከመጥራት ይጀምራል።