መምሰልና ማስመሰል

ያለፈው ዘመን ባለ እጅ የሠራውን ጌጥ ተመልክቶ በዚያው አምሳል አዲስ ጌጥ የሚሠራ ሰው ለቀደመው ክብር ሰጠ ይባላል ወይስ ከቀደመው ሰረቀ? ጥያቄው ለአንጥረኛ ብቻ የቀረበ አይደለም፤ ቅርስን መነሻው አድርጎ የሚሠራውን የኪነ ጥበብ ሰው ሁሉ ይመለከታል።

እ.ኤ.አ. በ1836 ዓ.ም. በኢጣልያ፣ ቼርቬቴሪ በተባለው ስፍራ አንድ የኤትሩስካውያን መቃብር ሲከፈት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው ምዕተ ዓመት የተሠሩ የወርቅ አምባሮች ተገኙ። በላያቸው ያሉት የሴቶች ምስሎች በደቃቃ የወርቅ እንክብሎች ያጌጡ ነበሩ። የሮማው አንጥረኛ ፎርቱናቶ ፒዮ ካስቴላኒና ልጆቹ ይህን የጠፋ ጥበብ ለማስመለስ ብዙ ደከሙ። ሆኖም ልጁ አሌሳንድሮ እ.ኤ.አ. በ1862 ዓ.ም. የጥንቶቹን እጅግ ረቂቅ ሥራ ሊደርሱበት እንዳልቻሉ በግልጽ ተናገረ። በሥራቸውም ላይ ሁለት የተጠላለፉ የላቲን «ሲ» ፊደላትን ያትሙ ነበር። ምልክቱ አርአያው የጥንት፣ ድካሙ ግን የእነርሱ መሆኑን ይመሰክራል።

ከዚህ የተለየ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. የፓሪሱ ሉቭር ቤተ መዘክር ለእስኩቴሱ ንጉሥ ለሳይታፈርኔስ የተበረከተ ጥንታዊ ዘውድ ነው የተባለ የወርቅ ሥራ በ200,000 ፍራንክ ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. ግን የኦዴሳው አንጥረኛ እስራኤል ሩሆሞቭስኪ ፓሪስ ድረስ መጥቶ፣ የዘውዱን ከፊል በመርማሪዎች ፊት ዳግመኛ በመሥራት የእጁ ሥራ መሆኑን አረጋገጠ። ያሠሩት ነጋዴዎች ለአንድ ምሁር የሚበረከት ስጦታ ነው ብለውት ነበር።

እንግዲህ ወርቁ ያው ወርቅ፣ እጁም ያው እጅ ሆኖ ሳለ ዘውዱ ስለምን ከክብሩ ወረደ? የጥንት ሥራ ከውበቱ ሌላ የታሪክ ምስክርነትም ይጠበቅበታልና፣ ውበቱ ሳይጓደል ምስክርነቱ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ሐሰቱ የወጣው ከአንጥረኛው መዶሻ ሳይሆን ከሻጮቹ አንደበት ነው። ይህም ውሸት ሁለት ሰዎችን በደለ፤ ለሙታኑ ያልሠሩትን ሥራ ሰጠ፤ የሕያውን ሠራተኛ ስም ደግሞ ቀበረ። ከበደሉም የገዢው ኅብረተሰብ ድርሻ አለበት፤ የሞተን እጅ እያከበረ በሕይወት ያለውን የሚንቅ ሁሉ ለአስመሳዩ ገበያ ይከፍታል።

ዛሬም የጥንቱን የግሪክና የሮማ ጌጥ አርአያ አድርገው በእጅ የሚሠሩ፣ ማሰሪያቸው የሚቀያየር አምባሮች አሉ። ፊታቸው የጥንቱን ቅርጽ ይመስላል፤ ማሰሪያው በተለወጠ ቁጥር ግን የዛሬ ሰው መገልገያ መሆናቸውን አይደብቁም። በዚህ መንገድ መምሰል መማር ነው፤ ነውሩ ማስመሰል ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የሥራው መመሳሰል መጠን ሳይሆን፣ ሠሪው «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ መቆሙ፣ ሻጩም ይህንኑ ሳይሸሽግ መናገሩ ነው።