አደራና ውል

ሰው ንብረቱን በሌላው እጅ የሚያኖርበት መንገድ ሁለት ነው፤ በውል ይሰጣል፣ ወይም በአደራ ያስቀምጣል። ውል ተቀባይ ዋጋውን ተቀብሎ የተጻፈውን ይፈጽማል፤ ያልተጻፈው አይመለከተውም። አደራ ተቀባይ ግን ባልተጻፈውም ይጠየቃል። ውል ያፈረሰ ሰው ኪሣራ ከፍሎ ይገላገላል፤ አደራ የበላ ሰው ግን ከፍሎም ስሙን አይመልስም። ታዲያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሁለቱ በየትኛው ሊያዝ ይገባል?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። በኢትዮጵያ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ወደ ግል ይዞታ መዛወር የጀመሩት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ደግሞ የሕዝብ አገልግሎት በረጅም ዘመን ውል በባለሀብት የሚሠራበትን ሥርዓት ደነገገ። ጽዳትና ጥበቃ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዛሬ በውል ይሠራሉ። «ቤተ መጻሕፍትስ ለምን ይቀራል?» የሚል ቢነሣ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሐሳቡ በሌላው ዓለም ተሞክሯል። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሪቨርሳይድ አውራጃ ቤተ መጻሕፍቱን እ.ኤ.አ. በ1997 ለአንድ ኩባንያ በውል ሰጥቷል። በለንደን የክሮይደን ቤተ መጻሕፍት ይተዳደሩ የነበሩት ካሪሊየን በተባለ የግንባታና የአገልግሎት ኩባንያ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሲከሥር ማዘጋጃ ቤቱ ቤተ መጻሕፍቱን መልሶ ተረከበ። ኩባንያውን የጣለው የመጻሕፍቱ ሥራ አልነበረም። ይሁን እንጂ አንባቢው በማያውቀው የግንባታ ዕዳ ምክንያት የቤተ መጻሕፍቱ ዕጣ አጠራጣሪ ሆኖ ሰነበተ።

የግል እጅ ሁሉ ንባብን ይጎዳል ማለት ግን ሚዛን የጎደለው ፍርድ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ያጣ አያሌ ወጣት ልብ ወለድ ያነበበው ከመጽሐፍ አከራዮች ዘንድ በጥቂት ገንዘብ እየተከራየ ነው። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን የከፈቱት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም መንግሥት እስኪጀምር አልጠበቁም። በአንጻሩ የመንግሥት የሆነ ሁሉ የታመነ አደራ ጠባቂ ነው ለማለት አይቻልም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል ያስቆጠረ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ሆኖም ከተማረባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል በርታና ጉሙዝ አልነበሩም። መንግሥትም ሲቆጥር ጥቂቱን የሚዘልበት ጊዜ አለ።

የጉዳዩ ክብደት ጎልቶ የሚታየውም በዚህ ረገድ የተዘለሉት ሕዝቦች በሚኖሩበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሽናሻን፣ ማኦንና ኮሞን በስም ይጠራል። የሥራው ቋንቋ አማርኛ ነው። በነዚህ ሕዝቦች ቋንቋዎች ከትምህርት ቤት መማሪያ በቀር የታተመው ጥቂት ነው፤ ከመካከላቸው ተናጋሪው በሺዎች ብቻ የሚቆጠርም አለ። እንግዲህ በአሶሳ አንድ ቤተ መጻሕፍት በውል ተሰጠ እንበል። የውል ተቀባዩ ሥራ የሚመዘነው በሚቆጠር ነገር ነው፤ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት መጽሐፍ ወጣ፣ ስንት ብር ወጪ ሆነ። በዚህ ሚዛን የፈተና መለማመጃ መጽሐፍ በየዓመቱ ይገዛል፤ ከአንድ የኮሞ ሽማግሌ አፍ የተቀዳ ተረት ግን በዓመት አንድ አንባቢ ቢያገኝ ነውና ቦታ አያገኝም። ውል ተቀባዩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። የተጻፈውን በታማኝነት ፈጽሟል፤ ጉድለቱ ያለው በውሉ ባሕርይ ላይ ነው።

«ታዲያ ይህም በውሉ ይጻፋ» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ብዙ ነገር በእርግጥ ሊጻፍ ይችላል። ነገር ግን ውል በሁለት ወገኖች መካከል የሚታሰር ነው፤ የቤተ መጻሕፍት ዋነኛ ባለ ጉዳይ ግን በፊርማው ቀን በቦታው የለም። ያ ባለ ጉዳይ ገና ያልተወለደው፣ የአያቱን ቋንቋ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፈልጎ የሚመጣው ልጅ ነው። ሲመጣ ያጣውን ነገር በየትኛው አንቀጽ ይከሳል?

ቀደምት አባቶች ይህን ተረድተውት ነበር። የብራና መጻሕፍት ባለቤቶች መጽሐፉን የሚሰርቀውን፣ የሚፍቀውንና የሚሸጠውን በግዝት ያስጠነቅቁ ነበር። በእስልምናም ሥርዓት በወቅፍ የተሰጠ መጽሐፍ አይሸጥም፣ አይወረስም። በሁለቱም ዘንድ ጠባቂው ይለዋወጣል፤ ግዴታው ግን ከመጽሐፉ ጋር ይኖራል።

ስለዚህ የእጅ ሥራና ኃላፊነት ተለይተው ሊታዩ ይገባል። ጣሪያ ማደስ፣ ወለል ማጽዳት፣ ኮምፒዩተር መጠገን በውል ቢሰጥ አደራው አይጓደልም። የትኛው መጽሐፍ ይግባ፣ የትኛው ይወገድ፣ መክፈል የማይችለው አንባቢ እንዴት ይስተናገድ የሚለው ውሳኔ ግን በሕዝብ ፊት ቆሞ ከሚጠየቅ አካል እጅ ሊወጣ አይገባም። ይህ ማለት መንግሥት ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይቀመጥ ማለት አይደለም። የመጽሐፍ መግዣ በጀት ሳይመድብ፣ ሠራተኛና ተማሪ በሚመቻቸው ሰዓት በሩን ሳይከፍት «የሕዝብ ነው» የሚል ባለ ሥልጣን፣ ምንም ሳይሸጥ አደራ የበላ ነው። የቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ማን እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት፣ የዚያ ልጅ መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።