የአራዊት ድርሻ በዋግ ተዳፋት

ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃና ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚወርደው የዋግ ኽምራ ምድር ለእርሻ የሚመች ሜዳ ጥቂት ነው። የሚበዛው ጭንጫ ተዳፋት ነው፤ አፈሩ ስስ፣ ዝናቡ አጭር፣ ሲዘንብም ጎርፉ የተረፈውን አፈር ጠርጎ የሚወስድበት። በዚህ መሬት ላይ ለዱር እንስሳት የሚሆን ምግብ እንትከል ቢባል የሚቆጣ ሰው ብዙ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወገኑን የቀበረ፣ ከዚያም ወዲህ ድርቅ ደጋግሞ የጎበኘው ሕዝብ ስለ ጅግራና ስለ ሽኮኮ ቀለብ ያስብ ማለት እንዴት ይሆናል? ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን መጽሐፍ ይህን ጉዳይ ቀድሞ አንሥቶታል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 የሰባተኛው ዓመት ሕግ መሬቱ ሳይታረስ እንዲያርፍ፣ የበቀለውን ድኻ እንዲመገበው፣ ከድኻ የተረፈውም ለዱር አራዊት እንዲሆን ያዝዛል። ድኻው መቅደሙ ለቁጣው መልስ ነው፤ አራዊቱም ከሕጉ አልወጡም። ስማቸው በመሬት ሕግ ውስጥ ስለ ገባ፣ ድርሻቸው ባለመሬቱ ደስ ሲለው የሚሰጠው ምጽዋት ሊሆን አይችልም፤ መሬቱን ሲረከብ አብሮ የተረከበው ዕዳ ነው።

ዕዳው የት ይከፈል ከተባለ፣ ማረሻ መግባት ከማይገባው ቦታ መጀመር ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል ደንግጎ ነበር። እንዲህ ያለውን ገደል ያረሰ ገበሬ ጥቂት ዓመት አጭዶ አፈሩን ለወንዝ ይሰጣል። በዚያ ፈንታ የድንጋይ እርከን ተሠርቶ፣ ውሃ የሚይዝ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቁርቁራ፣ አጋም፣ ወይራና ግራር ቢተከል፣ ፍሬውን እረኛውም ወፉም ይካፈሉታል። ወፉ ደግሞ በልቶ ብቻ አይሄድም፤ የወይራን ፍሬ ውጦ ዘሩን በቁጥቋጦ ሥር ይጥላል፤ ችግኙም በዚያ ጥላ ከፀሐይ ተጠልሎ ያድጋል። በደረቅ አገር ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

ዝንጀሮና ጃርት ይበዙብናል የሚለው ሥጋት እውነት አለው። ስለዚህ በተዳፋቱ ላይ ማሽላ መዝራት ስሕተት ይሆናል፤ አውሬውን የእህል ጣዕም ያስለምደዋል። የዱር ፍሬ ከማሳ ርቆ ቢተከል ይሻላል፤ ያም ሆኖ የሰብል ጥበቃው አይቀርም። እግዚአብሔር ይመግባቸዋል፣ እኛ ምን አገባን የሚሉም አሉ። መመገቡንስ ይመግባቸዋል፤ ማዕዳቸውን በመጥረቢያና በማረሻ ያነሣን ግን እኛ ነን። በየወሩ በ5 የሚታሰቡት የሸዋው ዝቋላ ጻድቅ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕላቸው አንበሳና ነብር ከበዋቸው፣ የተጠማች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ይታያሉ። ፈጣሪሽ ያጠጣሽ ብለው አላሰናበቷትም። መነኮሳቱ የሚማሩት ማር ይስሐቅም የሚራራ ልብ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለወፎችና ለአራዊትም እንደሚቃጠል ያስተምራል።

ከሁሉ የከበደኝ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት የሚያቀርቡትን ገሥጿል። ለራሳችን ያልሆነንን ጭንጫ ለአራዊት መስጠት ከዚያ በምን ይለያል? ተዳፋቱ በእርግጥ ለሰው የማይጠቅም ቢሆን ኖሮ መልስ አይገኝለትም ነበር። በዋግ ግን ተዳፋት የፍየል ግጦሽ ነው፤ ፍየልም የልጅ ልብስ፣ የክፉ ቀን እህል ነው። ተከላው እንዲጸድቅ ፍየል ለዓመታት መራቅ አለባት። መሥዋዕቱ ያለው እዚህ ነው፤ ድንጋይ በጫንቃ ተሸክሞ እርከን መካብም ይጨመርበታል። ስለዚህ አንካሳ ስጦታ አይደለም።

የሚያሳስበው ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ብዙ መንጋ ያለው ሌላ ግጦሽ አያጣም፤ ሁለት ፍየል ብቻ ያላት ባልቴት ግን በተከለለው ተዳፋት ምክንያት ሁለቱንም ትሸጥ ይሆናል። ኦሪት ድኻን ከአራዊት ያስቀደመው ለዚህ ነው። ከተከለለው ተዳፋት የሚታጨደው ሣር ሲከፋፈል የመጀመሪያው ሸክም ለእርሷ ይድረስ፤ ካህኑም የልማት ሠራተኛውም ክለላው ከመታወጁ በፊት ይህን በጉባኤ ፊት ያስወስኑ።