«በእምነት ይደርሳል» ስንል

በአርሲ የስንዴ አጨዳ ሲጀመር ኮምባይነሮች ከዝቅተኛው ቦታ ወደ ደጋው ይወጣሉ። በዴራና በኢተያ በኩል ያለው ስንዴ ቀድሞ ይደርሳል፤ የአሰላ ዙሪያ፣ ከዚያም የበቆጂ ይከተላል። ስለዚህ ኢተያ ላይ ማሽን ተሰብሮ ሁለት ቀን ቢቆም፣ በላይ ያለው ገበሬም ሁለት ቀን ይጠብቃል። በዚህ መሃል ያለ ወቅቱ ዝናብ ቢመጣ የደረሰው እህል ዛላው ላይ እንዳለ ሊበቅል ይችላል።

የማሽኑ መሰበር የኦፕሬተሩ ኃጢአት ነውን? አይደለም። ነገር ግን መሰበሩን እያወቀ «ነገ እንመጣለን» ቢል ከገበሬው ሁለት ቀን ብቻ ሳይሆን ምርጫውንም ይወስድበታል። ቢነገረው ኖሮ ሌላ ማሽን ይፈልግ ወይም ደቦ ጠርቶ በማጭድ ያሳጭድ ነበር።

እኛስ? የጉባኤ ዝግጅት ተከፋፍለን «መቼ ይደርሳል?» ስንባል ይሉኝታ ይይዘንና አጭሩን ቀን እንናገራለን። ሥራው ሲዘገይ ደግሞ «በእምነት ይደርሳል» እንላለን። አባባሉ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ግን ያልሠራነውን በእግዚአብሔር ስም እንዳንሸፍን እንጠንቀቅ። እምነታችን በእግዚአብሔር ላይ ነው፤ የምንቆርጠው ቀን ግን ስለ ራሳችን አቅም የምንሰጠው ምስክርነት ነው። ምስክርነት ደግሞ እውነት መሆን አለበት።

ያዕቆብ ስለ ነገ በትምክህት እንዳንናገር ሲመክር (4፥13-16) ዕቅድ ማውጣትን አልከለከለም። ጌታም ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ እንደሚያሰላ ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)። ጳውሎስ ደግሞ ወደ ቆሮንቶስ የመሄድ ዕቅዱ ሲለወጥ ምክንያቱን ጽፎ አስረዳ (2ኛ ቆሮ. 1፥15-23)። ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ለሚጠብቁት መልስ መስጠትን አልናቀም።

ስለዚህ ቀን ስትቆርጡ ሥራችሁ የማንን ሥራ እንደሚጠብቅ፣ መብራት ቢጠፋ ምን እንደምታደርጉ አስቡ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ገና አላውቅም» በሉ። መዘግየቱን ያወቃችሁ ዕለት ተናገሩ፤ ቀኑ እስኪያልፍ አትጠብቁ። ያለቀውን፣ የቀረውንና አዲሱን ቀን አብራችሁ አሳውቁ።

ሰሚዎችም ድርሻ አለን። በጊዜ የነገረንን ወንድም በቁጣ ከተቀበልነው በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይለናል፤ ዝምታውንም ያስተማርነው እኛ እንሆናለን።

ዛሬ የእናንተን ቀን አምኖ የተቀመጠ ማን ነው? ከመጨነቁ በፊት ደውሉለት።