ስለ ሞት ፍርድና ስለ ወዲያኛው ዓለም

ባለፈው መስከረም፣ በአንድ እሑድ ቀን፣ ከሟች ወንድሜ ልጅና ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ጋራ ሆነን የየካን ተራራ ይዘን ከዐለት ወደ ተፈለፈለው ወደ ዋሻ ሚካኤል እንሄድ ነበር። ሁለቱም ገና ኻያ ዓመት ያልሞላቸው፣ ማንበብ የሚወዱ ልጆች ናቸው። በዚያው ሰሞን የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» አንብበው ስለ ነበር፣ መንገዱን ሁሉ የሚከራከሩት ስለዚሁ ተውኔት ነበር። እኔም ከኋላ ከኋላ እየተከተልሁ አዳምጣቸው ነበር።

ታሪኩን የማያውቅ ቢኖር ባጭሩ ልንገረው። በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. የሸዋ አርበኞች ኢጣልያኖች የያዙአትን አዲስ አበባን ሊያስለቅቁ ወግተው ሳይሆንላቸው ቀረ። ወዲያው፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ኢጣልያኖች ጳጳሱን አቡነ ጴጥሮስን ችሎት ብለው በሰየሙት ሸንጎ ፊት አቆሙአቸው። አርበኞቹን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ ስላሉ በሕዝብ ፊት በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ሐውልታቸው ዛሬ በስማቸው በሚጠራው አደባባይ ቆሞአል፤ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ተነሥቶ ነበርና በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ።

የልጆቹ ክርክር ግን ስለ ሐውልቱ አልነበረም። ጓደኛው እንዲህ አለ፤ «ነፍስ የማትሞት ከሆነች ኢጣልያኖቹ ምን ወሰዱባቸው? ወደ አክሊላቸው አደረሱአቸው እንጂ። ክፉ ሰውም ሲሰቀል እንዲሁ ነው፤ ከእውነተኛው ዳኛ ዘንድ ቶሎ ይደርሳል። የሞትን ቅጣት ሊፈራ የሚገባው ወዲያኛው ዓለም የለም የሚል ሰው ብቻ ነው።»

የወንድሜ ልጅ ጥቂት ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ አባቴን የገደለው ሰው ለምን በእስራት ብቻ ታለፈ?» አለኝ።

ወንድሜ የሞተው ይህ ልጅ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በጠብ መካከል በዱላ ተመትቶ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከመጽሐፍ የተነሣ ቢመስልም ሥሩ ከቤታችን ነበር። ያን ጊዜ በችኰላ መመለስ አልቻልሁም፤ እየቆየሁ የመለስሁለትን ግን ለሌሎች ወጣቶችም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ልብ ማለት የሚገባን «ከሞት ወዲያ ሕይወት አለ» የሚለውን ቃል ማን ስለ ማን አንገት እንደ ተናገረው ነው። አቡነ ጴጥሮስ ስለ ራሳቸው አንገት ቢናገሩት እምነት ነው፤ ጀግንነትም ነው። ተኩሱ ብሎ ያዘዘው መኰንን ስለ ጳጳሱ አንገት ቢናገረው ግን ስላቅ ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ተናጋሪው ስለ ተለወጠ ትርጕሙም ተለወጠ። የሚጦም ሰው ረኀቡን ለፈጣሪው ይሰጣል፤ የሌላውን ሰው እንጀራ ቀምቶ «ጡም፤ ጽድቅ ታገኝበታለህ» የሚል ግን ሌባ ነው።

ከተራራው ጫፍ ስንደርስ ከተማይቱ ከእግራችን በታች ተዘርግታ ታየች። በሩቁ የአፍሪካ ኅብረትን ረዥም ሕንፃ አሳየኋቸው። ያ ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት በዚያ ስፍራ «ዓለም በቃኝ» የሚባል ወህኒ ቤት ነበር። ይህ ቃል የመነኵሴ ቃል ነው፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ ዓለምን ትቶ ወደ ገዳም ሲገባ የሚናገረው ነው። ወህኒ ቤቱ ግን ዓለም ያልበቃውን ሰው በግድ «በቃህ» ይለው ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን፣ ሚኒስትሮችንና የጦር አለቆችን፣ ያለ ፍርድ ባስገደለ ጊዜ፣ የሚበዙት የተረሸኑት በዚያ ግቢ ነው።

ከእነዚያ ሰዎች የተወሰደው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ጊዜ ነው። ወዲያኛው ዓለም አለ የሚል ሰው፣ ክርስቲያንም ቢሆን ሙስሊም፣ ከሞት በኋላ ንስሐ እንደሌለ ያምናል፤ እንግዲህ ለንስሐ የተሰጠው ጊዜ ይህ ዕድሜ ብቻ ነው። ወዲያኛው ዓለም የለም የሚለውም ሰው ያለን ይኸው አንድ ዕድሜ ብቻ ነው ይላል። ሁለቱ በሌላው ነገር ቢለያዩም በዚህ ይገናኛሉ፤ የሰውን ቀን ማሳጠር የማይመለስ ነገር መውሰድ ነው። እንዲያውም ይበልጥ መፍራት የሚገባው አማኙ ነው። የማያምነው ሰው የወሰድሁት ጥቂት ዓመት ነው ብሎ ቢያስብ፣ አማኙ ግን የሰውን የዘለዓለም ዕድል የሚወስነውን ሰዓት ወስዶ ሊሆን ይችላል።

ጓደኛው በዚህ ላይ መልካም ጥያቄ አነሣ። «ሞቱን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይጸጸታል፤ ፈያታዊ ዘየማንስ ገነትን የወረሰው በመስቀል ላይ ሆኖ አይደለም ወይ?» አለ። እውነት ነው። ነገር ግን ያን ወንበዴ ያዳነው አጠገቡ የተሰቀለው ነው እንጂ የሰቀሉት ወታደሮች አይደሉም። በግራ የተሰቀለውም በዚያው ቀንና በዚያው ሞት ሳይጸጸት ሞተ። ስለዚህ መስቀያ ንስሐን ይወልዳል ማለት አይቻልም።

ደግሞም ገመድ የሚዘረጋው ለሟቹ ነፍስ ታስቦ እንዳልሆነ የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ ጊዜ፣ አስቀድመው የሞቱት የገርማሜ ንዋይና የወርቅነህ ገበየሁ ሬሳ በአደባባይ ተሰቀለ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በስቅላት ተቀጡ። ሬሳ ምን ቅጣት ይሰማዋል? የተሰቀለው ቆመው ለሚያዩት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሞትን ቅጣት አላስቀረም፤ ቢሆንም ቅጣቱ በአደባባይና በስቅላት እንዳይፈጸም ይከለክላል፤ ርእሰ ብሔሩም ሳያጸድቀው አይፈጸምም። ሕጉ ራሱ ከዚህ ነገር ፊቱን ዘወር ማድረግ እንደ ጀመረ ይሰማኛል።

አሁን ግን ለልጁ ከሁሉ በኋላ የነገርሁትን ልጻፍ።

ወንድሜን የገደለው ሰው እስራቱን ጨርሶ በወጣ ጊዜ፣ ይኸውም ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሽማግሌ ልኮ እንደ አገር ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጃችን ወደቀ። ልጁ በዚያ ቀን ዘመድ ቤት ተልኮ ነበር። ሰውዬው ከመሬት ሳይነሣ በችሎት ፊት «ሟቹ ቀድሞ ዱላ አነሣብኝ» ያለው ሐሰት እንደ ነበረ፣ ቅጣቱም የቀለለለት በዚያ ሐሰት እንደ ነበረ ተናገረ። ወንድሜ በማንም ላይ እጁን አላነሣም፤ የሞተው ጠበኞችን ሲገላግል ነው።

ፍርዱ በተሰጠ ቀን እኔ በችሎቱ ደጅ «ይሰቀል! የሚናገረው ካለ ወዲያ ሄዶ ለፈጣሪው ይንገር!» ብዬ ጮኼ ነበር። እንደ ቃሌ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ እስከ ዛሬ ስሙ በጠበኛነት ይነሣ ነበር። ንጽሕናውን አምኖ የሚመሰክር አንድ አፍ ብቻ ነበረ፤ እርሱንም አፈር በዘጋው ነበር።

ጥፋቴ በዚህ አላበቃም። ቂም እንዳያድርበት በሚል ምክንያት ነገሩን ለልጁ ደብቄው ኖርሁ። እርሱ ግን በሰፈር ሰው አፍ «አባትህ በገዛ ጠቡ ሞተ» እየተባለ አድጎ፣ አምኖትም ነበር። ይህን ሁሉ በነገርሁት ጊዜ ከባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ብዙ ዝም አለ። ከዚያም «ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጋሼ?» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ለእኔም ይኸው ይበቃኝ ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ «እንግዲያውስ ይቅር በል» አላልሁትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በግንቦት 2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች አማልደው፣ ሞት የተፈረደባቸው 23 የደርግ ባለሥልጣኖች ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ያ ውሳኔ መልካም ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በቀይ ሽብር ልጇን ያጣችን እናት «ልጅሽ በገነት ነው፤ ዝም በይ» ማለት፣ ገዳይ «ወደ ገነት ሰደድሁት» ከሚለው ብዙ አይርቅም። ወዲያኛውን ዓለም በሌላው አንገት ላይ ማመካኛ ማድረግ ክፉ እንደ ሆነ፣ በሌላው ቍስል ላይም እንዲሁ ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ተስፋህን ለራስህ ሞት ስንቅ አድርገው፤ ለሌላው ሞት ግን ምክንያት አታድርገው። በቀድሞው ዘመን ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ገዳዩ ለሟቹ ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ መግደልም፣ የደም ዋጋ ተቀብሎ መማርም በእጃቸው ነበር። ካህናትና ሽማግሌዎች «ማሩት» እያሉ የሚለምኑት ስለ ወዲያኛው ዓለም ስለማያውቁ አልነበረም። አባቶቻችን «ከመሞት መሰንበት» ያሉትም ሞትን ፈርተው ብቻ አይመስለኝም፤ የሰነበተ ሰው እውነትን ሊናገር፣ ዕዳውንም ሊከፍል ስለሚችል ነው።

ወደ ማታ ስንወርድ የወንድሜ ልጅ ቀድሞን ይሄድ ነበር። ሾላ ገበያ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝና ሰውዬው ዛሬ የት እንደሚኖር ጠየቀኝ። ዳግመኛ መደበቅ ስላልወደድሁ ነገርሁት፤ መሄድ ቢፈልግም አብሬው እንደምሄድ ነገርሁት። እርሱም «ላስብበት» አለኝ። ለማሰብ ጊዜ አለው፤ ሰውዬውም በሕይወት አለ።