ለጭብጨባ የተሸጠ ክንድ

እኛ የስፖርት ወዳጆች ነን የምንል ሁሉ፣ አሠልጣኝም ብንሆን የቡድን መሪ፣ ወላጅም ብንሆን ደጋፊ፣ ሥጋ የፈጣሪ አደራ መሆኑን ከአባቶቻችን ተምረን ሳለን፣ የወጣቱን ክንድ በአደራ ተቀብለን ለአንድ ቀን ጭብጨባ ሸጥነው። ግብ ጠባቂው ተወርውሮ በተዘረጋ እጁ ላይ ይወድቃል፤ ትከሻው ይወልቃል፤ ወጌሻው ሮጦ ይገባል፤ ክንዱ ተስቦ ይመለሳል፤ እኛም «ጀግና!» እንላለን፤ ልጁም ከንቱ ውዳሴያችንን ሰምቶ ሕመሙን ውጦ ይቆማል። ወጌሻውን ለመክሰስ አልቸኩልም፤ እርሱስ ሮጧል። ራጅ ይነሣ ያለ ግን ከመካከላችን ማን ነው? አጥንቱ ተሸርፎ እንደሆነ የጠየቀስ ማን ነው?

ክንዱ ወደ ስፍራው ስለ ተመለሰ የተፈወሰ መሰለን። የትከሻ ጎድጓዳ ግን ጥልቀት የሌለው ነውና፣ የክንድ አጥንት ራስ በወለቀ ቁጥር የጎድጓዳውን የፊት ጠርዝ እየሸረፈ፣ በራሱም ጀርባ ላይ ሂል እና ሳክስ የተባሉ ሐኪሞች በፈረንጆች 1940 የገለጹትን ስርጉድ እያተረፈ ይወጣል፤ በመጨረሻም ጠርዙ በተበላ ማቶት ላይ እንደ ተቀመጠ ጀበና፣ እጁን ለሰላምታ ቢያነሣ እንኳ የሚወልቅ ይሆናል። መደጋገሙ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው ሃያ ዓመት ባልሞላቸው ላይ ሆኖ ሳለ፣ «ልጅ ነው፣ ቶሎ ይድናል» እያልን የምናሰናብተው እነርሱኑ ነው።

በጊዜው ቢታይ፣ ከጠርዙ የተገነጠለውን አካል ከነጅማቱ መልሶ መስፋት ለብዙዎች ይበቃ ነበር። የጎድጓዳው አጥንት አንድ አምስተኛው ገደማ ካለቀ በኋላ ግን ስፌት ብቻውን አይጸናም፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ፈረንሳዊው ሚሼል ላታርዤ በፈረንጆች 1954 የገለጸውን መንገድ ይይዛል፤ ኮራኮይድ የተባለውን የትከሻ ጉጥ ከነጅማቱ ቆርጦ፣ በተሸረፈው ጠርዝ ላይ በብሎን ያስረዋል። ክንድን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች በቅርብ በሚያልፉበት ስፍራ የሚሠራ፣ ጥበብም ጥንቃቄም የሚሻ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ልጁን ወደዚህ ያደረሰው ግን የኛ ዝንጋዔ ነው።

ከዚያም በኋላ እንኳ አላፈርንም። የተተከለው አጥንት ሳይጋጠም፣ ወራትን የሚጠይቀውን ማገገሚያ እንደ ስንፍና ቆጥረን፣ «ለደርቢው ይደርሳል ወይ?» እያልን ሐኪሙን እናስጨንቃለን፤ ብሎኑ ቢላቀቅ፣ አጥንቱ ሳይያያዝ ቢቀር፣ መገጣጠሚያውም ያለ ዕድሜው ቢያረጅ፣ ሕመሙን ተሸክሞ የሚኖረው ልጁ ነው፤ እኛማ በዚያን ጊዜ የሌላ ልጅ ስም እየጠራን ነው።

እንግዲህ በቡድናችን ውስጥ ትከሻው አንድ ጊዜ እንኳ የወለቀ ወጣት ካለ፣ ከሚቀጥለው ግጥሚያ በፊት የአጥንት ሐኪም ይየው፤ ራጁም፣ ሐኪሙ ካዘዘ ሲቲ ስካኑም ይነሣ፤ ወጪው ለአዲሱ ማሊያ ከተቀመጠው ገንዘብ ይከፈል።