የወጭቱ ባለቤት ማን ነው?

«የበላበትን ወጭት ሰባሪ» የሚለው ቃል በአገራችን ከከባድ ስድቦች አንዱ ነው። ሰው ውለታ አይርሳ ማለት ነውና አባባሉን አንንቅም። ነገር ግን ይኸው ስድብ ደመወዝ በሚበላ ጸሐፊ ላይ ሲወረወር ቆም ብለን ልንመረምረው ይገባል። ለመሆኑ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ጸሐፊ ያየውን ቢጽፍ የማንን ወጭት ሰበረ?

ጥያቄው የሩቅ አይደለም። በአማርኛ ጽፎ በብዕሩ ብቻ ያደረ ደራሲ ከስንት አንድ ነው። የሚበዙት ቀን መምህር፣ ጋዜጠኛ ወይም የቢሮ ሰው፣ ማታ ደራሲ ነበሩ። እኛም ነገ የምንገባው እዚያው ቢሮ ነው።

ሁለት ሰዎችን እናስብ። ሐዲስ ዓለማየሁ በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት አገልግለዋል። ሆኖም በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሣን አስነሥተው የመኳንንቱን ትምክህት በአደባባይ አስተቹት። በዓሉ ግርማ ደግሞ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባልደረባ ሳለ፣ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ሁለቱም የበሉት የመንግሥት እንጀራ ነበር።

እንግዲህ ወጡን ማን ሠራው? ግብር የሚከፍለው ገበሬ፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት አይደሉምን? አለቃው እኮ ጨልፎ አቀረበ እንጂ ድስቱ የእሱ አይደለም። ውለታችን ለባለድስቱ ከሆነ፣ እውነቱን የጻፈ ሰው ውለታውን መለሰ እንጂ ምንም አልሰበረም።

«ይኼ ለወሬ ቀላል ነው፤ ልጆቹንስ ማን ያበላለታል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። የቤት ኪራይ ከፍለን የማናውቅ እኛ፣ ባለትዳሩን ፈሪ ብለን ለመስደብ አፍ የለንም። የበዓሉንም ዕጣ ከማንም አንጠይቅም። ሆኖም ዝም በማለትና በመዋሸት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ዝም ያለ ሰው ወጭቱን ባዶውን መለሰ፤ ውሸት መሆኑን እያወቀ ለሹመት ሲል ያወደሰ ግን በእውነት ሰበረው።

«መጀመሪያ ልደላደል፣ ከዚያ እጽፋለሁ» የምንባባለውም ያሠጋናል። ዓይን እንደ እጅ ነው፤ ካልሠራ ይሰንፋል። አሥር ዓመት ላለማየት የለመደ ሰው፣ ሲደላደል የሚጽፈውን ከየት ያመጣል?

ደግሞስ ወጭቱን መብላት የምንጀምረው ስንቀጠር ነውን? የወጪ መጋራት ቅጽ ብንሞላም የትምህርታችንን ወጪ አብላጫውን የሚሸፍነው ሕዝብ ነው። ዕዳው ካሁኑ ጀምሯል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ነገር ካሁኑ እንልመድ፤ ይኸውም የማናምንበትን ቃል፣ ለማርክም ቢሆን፣ አለመጻፍ ነው።